ሰይፉ ያስረዘመው የስኮትላንድ መንገድ

የረጠበ የቆዳ ጃኬት ማሞቂያ ላይ ሲሰጣ የራሱ ሽታ አለው። ቤንዚን፣ ዝናብና ላብ አንድ ላይ ሆነው ቤቱን ይሞሉታል። በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ እሑድ ልጄ ሰብለ ዝናብ እየመታት በሞተር ሳይክሏ መጥታ ጃኬቷን ስታሰጣ፣ እኔ መስኮቱ አጠገብ ጋዜጣ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ የማነበው ሁሉ ጠፋብኝ። መነጽሬን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ያ ሽታ በወጣትነቴ ከላዬ የማይለቅ የእኔው ሽታ ነበር።

«ግንቦት ላይ ኡርላውብ ወስጃለሁ» አለችኝ፣ የዓመት ፈቃዷን ማለቷ ነው፣ ፀጉሯን በፎጣ እያሸች። «ስኮትላንድን በሞተር ልዞር ነው። አንተ ሄደህ የለ አባዬ? መንገዱን አብረን እናውጣው።»

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

«ከሞተሬ ጋር።»

እናቷ ንግሥት ከወጥ ቤት ሆና ሰማቻት። «እንግዲያው እሱው ያግባሽ» አለቻት። ሰብለ ሳቀች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ውስጥ ወንዶችን ታዛለች፤ የእናቷን ነገር ለምዳዋለች።

ሰብለ ያላወቀችው ነገር ነበር። ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ በዚያው ሳምንት፣ እኔና ንግሥት ክራንከንሃውስ ሄደን የምርመራዬን ውጤት ሰምተናል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጀርመንኛ የማልሰማ መስሏት ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የምታስቀምጠው። ሆዴ ውስጥ ያለውን እጢ ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ፣ በሽታው ግን ከዚያ አልፎ ሄዷል። «ቀዶ ጥገናው አያድንዎትም፤ ጊዜ ይጨምርልዎታል» አለችኝ። ምን ያህል ጊዜ ብዬ ጠየቅኋት። «ዓመት ብዬ ቃል ልገባልዎት አልችልም» አለች። እውነቱን ስለነገረችኝ አመስግኛት ወጣሁ። የተሰጠኝ ቴርሚን፣ የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ፣ ግንቦት ላይ ነው፤ ሰብለ መንገድ ላይ በምትሆንበት ሳምንት። የዚያን እሑድ ማታ ንግሥት «ንገራት» አለችኝ። «ስትመለስ» አልኳት። ንግሥት የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ አየችኝና «ይህን የምትለው አንተ ነህ?» አለች።

እንዲህ ማለቷ ትክክል ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የማውቀውን ሁሉ ራሴ አንብቤ፣ ራሴ ፈትቼና ገጥሜ ነው ያወቅሁት። ልጆቼን ያሳደግሁት በአንድ ሕግ ነው፤ በዚህ ቤት ነገር አይደበቅም። የተሰበረ ብርጭቆ አይደበቅም፣ የወረደ የትምህርት ውጤት አይደበቅም፣ ሞት አይደበቅም። ሰብለ እስከ ዛሬ ለጓደኞቿ የምታወራው አለ፤ ትንሽ ልጅ ሳለች ጥንቸሏ የሞተባት በሒሳብ ፈተናዋ ቀን ጠዋት ነበር፤ እኔም ቁርስ ላይ ነገርኋት። ንግሥት በጠረጴዛው ስር እግሬን ስትረግጠኝ ነበር። ልጅቷ እያለቀሰች ሄዳ ተፈተነች፤ ወደቀችም። ሰው ጭካኔ ብሎታል። እኔ ግን ሰው የራሱን ሐዘን የማወቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ። ይህን እምነት ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከዚያው ከስኮትላንድ መንገድ ነው።

ያን ጊዜ ፍራንክፈርት ሌላ ከተማ ነበረች፣ ወይም እኔ ሌላ ሰው ነበርኩ። ገንዘቡ ማርክ ነው፤ ቤንዚን ሊትሩ ከአንድ ማርክ ብዙም አይርቅም። አፍሮአችንን አጎፍረን፣ ሰፊ ሱሪ ለብሰን ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር ባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ እንዞር ነበር። የመጀመሪያውን የቆዳ ጃኬቴን እዚያ ነው የገዛሁት፤ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ የሌላ ሰው ትከሻ ቅርፅ የያዘ ጃኬት። የምሠራው ዚንድሊንገን አጠገብ ባለው የኬሚካል ፋብሪካ ነው፤ ከሌሊት ሺሽት፣ ከፈረቃችን፣ ስንወጣ ልብሳችን የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ስለነበር ትራም ውስጥ አጠገባችን የሚቀመጥ አልነበረም። ከአገር ቤት የመጣ አንድ ካሴት ነበረን፤ ከመደጋገሙ የተነሳ የዘፋኙ ድምፅ ቀጥኖ የሴት ይመስል ነበር። እናቴ ዘንድ የምደውለው በወር አንድ ጊዜ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ፖስታ ቤት ነው። የስልኳ ሳጥን ውስጥ ገብቼ እቆማለሁ፤ እናቴን ከጎረቤት ስልክ ይጠሯታል፤ እሷ እስክትመጣ ግማሹ ገንዘብ ያልቃል። የሚቀረው ጊዜ «በላህ ወይ? ይበርዳል ወይ?» ለመባባል ብቻ ነበር የሚበቃው። አገር መመለስ የማይቻልበት ዘመን ነበር፤ እንዲህ ብዬ ልለፈው።

ሰይፉ የፋብሪካ ባልደረባዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ፣ ቀልደኛ፣ ብርድ እንደ ድመት የሚፈራ ሰው። እኔን «ጌቾ መካኒኩ» ይለኛል። ትንሽ ሞተር ነበረችው፤ ከፋብሪካው እስከ ቤቱ እንጂ ከዚያ አልፎ አይነዳትም። እኔ ግን ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የጣሊያን ሞተር እየፈታሁ ስላደግሁ ትልቁን ገዝቼ ራሴ አደስኩት። የእንግሊዝ መርከብ የሚሄድበትን፣ ስኮትላንድ የሚባለውን አገር ተራራ አንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ አይቼ ልቤ ተሰቀለ። ተራራው ዛፍ የለውም፤ ጭጋግ ወርዶበታል፤ ከስሩ አንድ ቀጭን መንገድ ይሄዳል። የእኛን አገር ደጋ ይመስላል። ሦስት ዓመት ኡርላውቤን እያጠራቀምኩ ጠበቅሁ። ያቀድኩት አንድ ሳምንት ነበር፤ ከሮተርዳም በመርከብ፣ ከዚያ ኤደንብራ፣ ከዚያ የግሌንኮ ሸለቆ፣ ከዚያ መመለስ። ብቻዬን።

ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ሰይፉ ቤቴ መጣና «እኔም እመጣለሁ» አለኝ። ያኔ ሚስቱ የወለደች ሰሞን ነው። ፈቃድ አልነበረውም፤ ያለ ደሞዝ ጠይቆ ወጣ። ቅናት መሰለኝ፤ ሳቅሁበት። «በዚያች ፌንጣህ?» አልኩት። «ፌንጣም ትዘላለች» አለ። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንና በየማታው ከሥራ መልስ እንቀመጥ ጀመር። ሰይፉ ያኔ ነው ያስቸገረኝ። መንገዱን ያስረዝመዋል። «ግሌንኮ ደርሰን ስካይ ደሴትን ሳናይ?» ይላል። ደሴቱን ስጨምር «ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደን ባሕሩ የሚያልቅበትን እንይ» ይላል። «እግዚአብሔርን አታስቸግረው ሰይፉ፣ ባሕር አያልቅም» እለዋለሁ። «እሺ፣ የብሱ የሚያልቅበትን» ይላል። አንዱ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሆነ። እናቴ ዘንድ ልደውል ስል ደግሞ «ክረምት ነው፣ ያንተ ሰፈር መስመር ተቆርጧል፣ እኔም ሞክሬ አጣሁ፤ ስንመለስ ትደውላለህ» አለኝ። አመንኩት። ለምን አላምነውም?

ስለ መንገዱ ልናገር ብል አያልቅልኝም። በግራ መንዳት ሌላውን ያስፈራዋል፤ እኛን አላስፈራንም፤ ልጆች ሳለን በአገራችንም የሚነዳው በግራ ነበር፤ እጄ ራሱ አስታወሰው። ከግሌንኮ በኋላ ተራራው ከሁለቱም በኩል እየተጠጋ መጥቶ ሰማዩን ጠባብ ያደርገዋል። ወደ ሰሜን መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው፤ በየመሐሉ ለመተላለፊያ ሰፋ ያለ ቦታ አለ፤ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፤ ያለፈውም እጁን አንሥቶ ያመሰግናል። እኔ ከፊት እነዳለሁ፣ ሰይፉ ከኋላ። ያቺን የቀጠነችውን ዘፈን ሄልሜቴ ውስጥ ጮኼ እዘፍን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በመስታወቴ ሳየው ሰይፉ አንገቱን ቀብሮ ይከተለኛል። ስንቆም ዓይኑ ቀልቷል። «ነፋሱ ነው» ይላል። የፍልሰታ ጾም ነበር። ሰይፉ ጾም የሚባል የማያውቅ ሰው በዚያ መንገድ ሁሉ ዳቦና ቲማቲም ብቻ በላ። እኔ ዓሣዬን በቅቤ እያስጠበስኩ «ምን ነካህ አንተ ከሃዲ?» እለው ነበር። «ዘንድሮ አማረኝ» አለኝ።

ስካይ ደሴት ላይ ለእናቴ ፖስታ ካርድ ገዛሁ። የእኔ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ስለሆነ ሁልጊዜ የሚጽፍልኝ ሰይፉ ነው። «ለምወድሽ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ያንቺን አገር የሚመስል አገር አገኘሁ በል» እያልኩ ነገርኩት፤ «በል» የሚለውን ጭምር ጽፎት ነበር።  ጓንቱን አውልቆ ጣቶቹን እፍ እያለ ጨረሰው፤ ቴምብሩን ለጥፎ ቀይዋ ሳጥን ውስጥ ራሱ ከተታት።

በተመለስን ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ የቤቴ ደወል ተደወለ። ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምኖረው፤ በሩን ስከፍት ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ከፊት ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በአገራችን ሰው ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነፍሱን ይማረውና ጋሽ ደምሴ፣ ትከሻዬን ይዞ ነገረኝ። እናቴ ከመሄዴ በፊት ሞታ ተቀብራለች። ወንድሜ ለሰይፉ ደውሎ ነግሮታል። ሽማግሌዎቹም መክረዋል፤ ለቀብሯ አይደርስ፣ አገር አይገባ፣ ሦስት ዓመት የጠበቀውን ይሂድና ይምጣ፤ ለአርባዋ ይደርሳል። ሕዝቡ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዓይኔን አንሥቼ ሰይፉን ፈለግሁት። በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ጫማው ላይ የስኮትላንድ ጭቃ አልለቀቀም።

ስለ እናቴ ያለቀስኩት በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ዘፈኑ ነው። እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ጮኼ ስዘፍን፣ ይሄ ሰው ከኋላዬ እየሰማ። ለሞተች ሴት ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብሎ የጻፈ እጅ። «አንተ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀለድክብኝ» አልኩት በሰው ፊት። «ጌታቸው፣ እኔ…» አለ፤ ጌቾ አላለኝም። አላስጨረስኩትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋብሪካ ውስጥም ሺሽቴን ቀየርኩ። በለቅሶና በክርስትና ስንገናኝ ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን እንተላለፋለን። እሱ በኋላ ፕሮይንገስሃይም ወደሚባል ሰፈር ገባ፤ ሞተሯን ሸጠ ብለው ነገሩኝ። ካቻምና ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆሜ አፈር አልብሼ ወደ ቤቴ መጣሁ፤ ድንኳን አልተቀመጥኩም። ንግሥት «ለሞተ ሰው እንኳ?» አለችኝ። 

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ያለፈብኝ ሰው፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ በየእሑዱ ከልጄ ጋር ተቀምጬ መንገድ አወጣ ነበር። ካርታ የሚባል ነገር የለም፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ በጣቷ ነካ ስታደርገው ከኤደንብራ እስከ ስካይ ሰማያዊ መስመር ይሰመራል። ስልክ የሚያውቀው አጭሩን እንጂ የሚያምረውን አይደለም አልኳት። ግሌንኮ ሳትደርሺ የምታገኚውን ሐይቅ በምዕራብ ዳር ዙሪው፣ ምሥራቁ ጫካ ነው ምንም አያሳይሽም። ሰሜን ስትደርሺ ማደያ ባየሽ ቁጥር ሙዪ። በግ መንገድ ላይ ከተኛ ጥሩምባ አትንፊበት፤ ሞተሩን አጥፊና ጠብቂው፤ ባለቤቱ እሱ ነው። ሰብለ ትስቃለች፤ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። እኔ በምናገርበት ሁሉ ትንሽ ቢጫ ነጥብ ታስቀምጣለች። አንዱን እሑድ የምትመለስበትን ቀን ስታስገባ «ምን ያጣድፍሻል? ከስካይ በላይ ያለውን የባሕር ዳር መንገድ ጨምሪበት» አልኳት። ጨመረች። «ከዚያ ደግሞ እስከ ጫፉ ሂጂ» አልኳት። «አባዬ፣ ይሄማ አራት ቀን ነው። መሥሪያ ቤት አለብኝ እኮ።» «ጠይቂያቸው» አልኩ። ንግሥት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ቢላዋው ዝም ሲል ቀና አልኩ። አየችኝ። እኔም ምን እያደረግሁ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ ቶሎ እንዳትመለስ ነበር የማስረዝመው። መመለሻዋ ላይ የሚጠብቃትን ስለማውቅ።

ሰይፉ ያንን ጠረጴዛ እንዴት እንደቻለው ያን ዕለት አወቅሁ። እኔ ሦስት እሑድ ነበር የተቀመጥኩት፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ልጄ በሳቀች ቁጥር ሆዴ ውስጥ ካለው ይልቅ ሌላ ነገር ያመኛል። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ከኋላዬ ነድቷል፣ ሰምቷል፣ ጽፏል። ቢሆንም አልቀጠልኩም። እንደ እኔ እየዘፈነች ልትሄድ ነው፤ ተመልሳ ዘፈኗ መራራ እንዲሆንባት አልፈልግም።

ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ነገርኋት። ንግሥት ገበያ ወጥታለች። ሰብለ የመርከቡን ትኬት ልትገዛ ስልኳን ይዛለች። «አቁሚው» አልኳት። ሆስፒታሉንም፣ እጢውንም፣ ቀኑንም ነገርኋት። ቀጥ ብዬ ነበር ልነግራት ያሰብኩት፤ ድምፄ ግን እንደ አሮጌ ካሴት ቀጠነብኝ።

 ከዚያ በጀርመንኛ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለች።

«ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ።»

«ይሄን ሁሉ መንገድ ስናወጣ?»

«አዎ።»

ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችው። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስለ ጋሽ ሰይፉ ነገርኋት፤ ስሙን እንጂ ነገሩን አታውቀውም ነበር። ሁሉንም ነገርኋት፤ ጾሙን፣ ፖስታ ካርዱን፣ ኮሪደሩን። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ሲያልቅ በአማርኛ ጠየቀችኝ፤ ልጄ ሲከብዳት ወደ አማርኛ አትመጣም፤ ያን ቀን መጣች።

«ካልነገረህማ ብቻህን ትሄድ አልነበር? እሱ ለምን አብሮህ ሄደ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሚስቱ ወልዳለች። ብርድ ይፈራል። ሞተሩም ፌንጣ ነች። ለምን ሄደ?»

 አርባ ዓመት ግድም ይዤው የኖርኩት ቂም ውስጥ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን አስገብቼው አላውቅም። የዋሸኝን ቃል ሁሉ ቆጥሬያለሁ፤ መንገዱን ግን አልቆጠርኩለትም። ወሬው እንደምንም መንገድ ላይ ቢደርሰኝ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ፣ በማላውቀው አገር፣ ብቻዬን እንዳልሆን ነው የተከተለኝ። ምናልባት ሽማግሌዎቹ ልከውት ይሆናል፤ ምናልባት ማንም አልላከውም። የሚነግረኝ የለም። ዓይኑ የቀላው በነፋስ እንዳልሆነ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አውቅ ነበር። ለማን እንደቀላ ግን አልጠየቅሁም። እናቴን እሱ አያውቃትም።

ሰብለ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዘንድሮ አልሄድም» አለች።

«ሂጂ። እናትሽ አለች።»

«አልሄድም አልኩህ አባዬ። ክራንከንሃውስ የማደርስህ እኔ ነኝ።» ስልኩን አነሣችው፤ መስመሩ ከነቢጫ ነጥቦቹ እስከ ላይኛው ጫፍ ድረስ ተዘርግቶ ነበር። አላጠፋችውም። «ይሄ ይቀመጣል። ቆርጠው ያወጡልሃል፤ ትድናለህ፤ የሚመጣው ዓመት አንተን ከኋላዬ አስቀምጬ እወስድሃለሁ። መንገዱን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ ብቻዬን አልሄድበትም። እሺ?»

ቆርጠው የሚያወጡት ነገር እንደማያድነኝ፣ ሐኪሟ ዓመት ብላ ቃል እንዳልገባችልኝ አልነገርኋትም ነበር። ያንን ለመጨረሻ ነበር ያቆየሁት፤ አሁን ልነግራት ነበር። ፊቷን አየሁት።

«እሺ» አልኳት።